አተላው የት ይሂድ?

ቤታችሁ ጠላ ሲጠመቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አያታችሁን ጠይቁ። ድፍድፉ ጋን ውስጥ ሲፈላ ይሰነብትና አረፋው ሲበርድ ከላይ ጠላው ይጠራል፣ ከታች ወፍራሙ አተላ ይቀራል። እንግዳው የሚጠጣውም የሚያመሰግነውም የላዩን ነው። አተላው ግን የትም አልሄደም። አንድ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ከጋኑ ሥር ማውጣት አለበት። ከብት ካለ ለከብት ይሰጣል። ከብት ከሌለ ግን ጣጣ ነው፤ ደጅ ቢደፋ ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል፣ ጎረቤት ያጉረመርማል።

የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያም ከዚህ ጋን ብዙ አይለይም። ከመኖሪያ ቤት፣ ከሆቴል፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ቆሻሻ ውኃ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ጠርቶ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ጣቢያው ሲመረቅ ፎቶ የሚነሣው የጠራው ውኃ ነው። አተላውን፣ ማለትም በሙያው ቋንቋ ዝቃጭ የምንለውን፣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በመጠን ካየነው ዝቃጩ ወደ ጣቢያው ከሚገባው ፍሳሽ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ቢሆን ነው። በወጪ ካየነው ግን የጣቢያውን የሥራ ማስኬጃ እስከ ግማሽ ድረስ ሊበላ ይችላል። ምክንያቱም ቆሻሻው ከውኃው ወጣ እንጂ አልጠፋም። አብዛኛው ቦታ ነው የቀየረው። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ጎበዝ ነው ወይስ ሰነፍ ብላችሁ ስትጠይቁ ውኃው ምን ያህል ጠራ ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ አተላው የት ደረሰ በሉ።

ይህን ስጽፍ በሐሳቤ የያዝኳት ከተማ ኮን ናት። የሰሜን ወሎዋ፣ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ። "ኮን ደግሞ ምን የፍሳሽ ማጣሪያ አላት?" ትሉ ይሆናል። የላትም። እንደ አብዛኞቹ ትናንሽ ከተሞቻችን በየግቢው ያለው ጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ ሻል ያለ ሕንፃ ካለ ሴፕቲክ ታንክ ይኖረዋል። ድሮ ጉድጓድ ሲሞላ መፍትሔው ቀላል ነበር፦ አፈር አልብሶ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ሌላ መቆፈር። ከተማ እያደገ፣ ግቢ ለልጆች እየተከፋፈለ ሲሄድ ግን ሁለተኛው ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ ይጠፋል። ያን ጊዜ ማስመጠጥ ይመጣል። እሺ፣ መኪናው መጥቶ መጠጠ። ከዚያስ? ሹፌሩ መሪውን ወዴት ያዙር?

መልስ ካልተዘጋጀለት መልሱን የሚሰጠው ገደሉ ነው። ከዋድላ ደጋ ወደ ደቡብ የሚወርደው ውኃ ጅጣ ገብቶ፣ ከበሽሎ ተገናኝቶ ዓባይን ይቀላቀላል። በላሊበላ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ደጋ ላይ የተደፋ ነገር ደጋ ላይ አይቀርም፤ ክረምት ሲገባ ቆላው ድረስ ይወርዳል፣ እዚያም በጄሪካን የሚቀዳ ሰው አለ።

ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ውኃ

ዝቃጭ ሲባል ወፍራም ጭቃ ይመስላችኋል አይደል? ስሙ አታሎናል። ከጉድጓድ ወይም ከጣቢያ የሚወጣ ጥሬ ዝቃጭ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 97 ወይም 98 እጁ ውኃ ነው። እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አንድ መጣጭ መኪና 8,000 ሊትር ጫነ እንበል፣ ከዚያ ውስጥ ጠጣሩ 2 ከመቶ ነው። አንድ ሊትር በግምት አንድ ኪሎ ስለሆነ ጠጣሩ 160 ኪሎ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው 7,840 ኪሎ ውኃ ነው። ነዳጅ ተቃጥሎ፣ ጎማ ተበልቶ፣ ሹፌር ተከፍሎት እየተጓዘ ያለው ውኃ ነው ማለት ነው።

አሁን ከዚህ ላይ ጥቂት ውኃ እናንሣና ጠጣሩን ከ2 ወደ 4 ከመቶ እናድርሰው። ሁለት ነጥብ ምን ለውጥ ያመጣል ትሉ ይሆናል። ያው 160 ኪሎ ጠጣር አሁን በ4,000 ሊትር ውስጥ ነው፤ ጭነቱ በግማሽ ቀለለ! ወደ 8 ከመቶ ብናደርሰው ደግሞ 2,000 ሊትር ይሆናል። ገና ፈሳሽ ነው፣ ገና በቧንቧ ይሄዳል፣ ግን አራት የነበረው ጉዞ ወደ አንድ ወረደ። ዝቃጭ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከውኃ ጋር የሚታገለው ለዚህ ነው። ይህ ስሌት ከገባችሁ የቀረው ትምህርት ይቀልላችኋል።

ታዲያ ውኃው ሁሉ እኩል አይወጣም። ዓይብ ሲጠለል አስታውሱ። መጀመሪያ አጓቱ ራሱ ይለያል፣ እናንተ ምንም ሳታደርጉ። ቀጥሎ በጨርቅ አስራችሁ ስታንጠለጥሉት ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብትጨምቁትም ብትረግጡትም የማይወጣ እርጥበት ይቀራል፤ እሱን የሚያወጣው ፀሐይ ወይም እሳት ነው። ዝቃጭም ላይ ያው ነው። የመጀመሪያው ውኃ ዝቃጩን ገንዳ ውስጥ ዝም ብሎ በማስቀመጥ ብቻ ይለያል። ሁለተኛው አሸዋ ወይም መጭመቂያ ማሽን ይፈልጋል። ሦስተኛው ባክቴሪያዎቹ ሰውነት ውስጥ ያለ ውኃ ነው። ርካሹን ውኃ አስቀድሞ ሳያወጡ ወደ ውዱ መሄድ፣ ማለትም ጥሬውን ዝቃጭ በቀጥታ በነዳጅ ማድረቅ፣ እኔ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ገንዘብ የሚፈጀው ይሄ ነው።

እርሾውን አትድፉት

እስካሁን ዝቃጭን እንደ ችግር ብቻ አወራሁ። አሁን ልካሰው።

እ.ኤ.አ. በ1914 እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር ከተማ፣ ዴቪሁልም በሚባል የፍሳሽ ጣቢያ ኤድዋርድ አርደርን እና ዊልያም ሎኬት የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ግኝት ይፋ አደረጉ። ፍሳሽ ውስጥ አየር ሲነፋበት ቀስ እያለ እንደሚጠራ ከእነሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። ችግሩ ጊዜው ነው። እነሱም ፍሳሽ በጠርሙስ አድርገው አየር ሲነፉበት መጀመሪያ አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። አምስት ሳምንት! የአንድ ከተማ ፍሳሽ አምስት ሳምንት የሚቆይበት ገንዳ የት ይገኛል?

ቀጥለው ያደረጉት ነገር በጣም ቀላል ነው። የጠራውን ውኃ ከላይ ቀዱና ከሥር የቀረውን አተላ ሳይደፉ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይሄኛው ፈጥኖ ጠራ። እንደገና አተላውን አስቀርተው አዲስ ጨመሩ። ይባስ ፈጠነ። እንዲህ እያሉ ሲደጋግሙት የአምስት ሳምንቱ ሥራ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማለቅ ጀመረ። ያንን አተላ ንቁ ዝቃጭ አሉት። ዛሬ በዓለም ላይ ትልልቅ ከተሞች ፍሳሻቸውን የሚያጣሩት በአብዛኛው በዚህ ዘዴ ነው።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። እናቶቻችን ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ የሚያስቀምጡት ለምን ሆነና! እርሾ ያልገባበት ሊጥም ውሎ አድሮ ይቦካል፤ እርሾ ከገባበት ግን ሥራውን የሚጀምረው ብዙ የለመደ ሠራተኛ ይዞ ነው። ንቁ ዝቃጭም የባክቴሪያዎች መንጋ ነው። ፍሳሹን በልተው ይራባሉ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ቅንጣት ይሠራሉ፣ ቅንጣቱ ከብዶ ይዘቅጣል፣ ውኃው ከላይ ይጠራል። ዝቃጩ የሥራው ትራፊ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛውም እሱ ነው።

ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ስታዩ የጣቢያ ኦፕሬተር ጭንቀት ይገባችኋል። በየቀኑ ከሚዘቅጠው ላይ የተወሰነውን ወደ አየር ገንዳው ይመልሳል፣ የተወሰነውን ደግሞ ያስወግዳል። ብዙ ካስወገደ ሠራተኛ አነሰው፤ የቀሩትም ገና ያልተጣበቁ ወጣት ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ውኃው ደፍርሶ ይወጣል። ጥቂት ካስወገደ ደግሞ ገንዳው በአዛውንት ባክቴሪያ ይሞላል። እነሱም አየር ይፈልጋሉ። አየር ማለት ደግሞ መብራት ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ጣቢያ ከሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ግማሽ የሚሆነው አየር ለመንፋት ብቻ ይውላል። ዝቃጩ በጣም ከበዛ ከመዝቀጫው ገንዳ ጫፍ አልፎ ከጠራው ውኃ ጋር ወንዝ ይገባል፤ ያኔ ያ ሁሉ የመብራት ወጪ ለምን ወጣ?

ይህን ሁሉ የሚያሳይ አንድ ርካሽ ፈተና አለ። ከአየር ገንዳው አንድ ሊትር ቀድታችሁ ልኬት ባለው ብርጭቆ ጠርሙስ ታስቀምጡና 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ዝቃጩ ስንት ሚሊ ሊትር ላይ እንደቆመ ታነባላችሁ። ለምሳሌ 250 ላይ ቆመ እንበል፤ በዚያ አንድ ሊትር ውስጥ ያለው ደረቅ ጠጣር ደግሞ 2.5 ግራም ነው። 250ን ለ2.5 ስታካፍሉ 100 ይመጣል፤ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ከ150 በላይ እየወጣ ከሄደ ግን ክር የሚመስሉ ባክቴሪያዎች በዝተው ዝቃጩን እንደ ጥጥ አንሳፈውታል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መፈለግ ያስፈልጋል። እኔ ብጠየቅ ለአንድ ጣቢያ ውድ ኮምፒውተር ከመግዛቴ በፊት ይህችን ጠርሙስ ሳይሰለች በየቀኑ የሚያይ ሰው እቀጥራለሁ።

አየር ሳይነፉ፦ የቃሊቲ መንገድ

በአገራችን ትልቁ ምሳሌ አዲስ አበባ ነው። ቃሊቲ ከከተማዋ በስተደቡብ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ፍሳሹ በአብዛኛው በራሱ ቁልቁለት ይደርሳል። ድሮ እዚያ የነበረው ሰፋፊ ኩሬ ነው፤ ፍሳሹ ከኩሬ ኩሬ እየተሻገረ ፀሐይና ጊዜ ያጠሩት ነበር። ከተማዋ ስታድግ ኩሬው አልበቃም። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የታቀደ ነው።

የሚገርመው የተመረጠው ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አየር አይነፋም። ፍሳሹ ከገንዳው ሥር ይገባና ወደ ላይ ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ ወፍራም የዝቃጭ ብርድ ልብስ አለ። እዚያ ውስጥ ያሉት ኦክሲጅን የማይፈልጉ ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይዘው ይበሉታል፣ ሚቴን የበዛበት ጋዝም ወደ ላይ ይለቃሉ። ይህን ገንዳ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት ሆላንዳዊው ጋትሰ ሌቲንጋና ባልደረቦቹ ናቸው። ከዚያ የወጣው ውኃ ባክቴሪያ በሽፋን መልክ በበቀለበት መደብ ላይ ይንጠባጠባል፤ አየሩ በክፍተቱ ውስጥ በራሱ ይተላለፋል። ስለዚህ እንደ ማንቸስተሩ ዘዴ ሌት ተቀን የሚያጓራ የአየር ማሽን አያስፈልግም።

ለአተላው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ኦክሲጅን ያገኘ ባክቴሪያ ከሚበላው ውስጥ ግማሽ ያህሉን የራሱን ሰውነት ይሠራበታል። ያ ሰውነት ነገ ዝቃጭ ነው። ኦክሲጅን የሌለው ግን ከምግቡ የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ብቻ ነው ሰውነት የሚያደርገው። የቀረው ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ያው ፍሳሽ፣ ያው ከተማ፣ አተላው ግን እጅግ ያነሰ!

ጋዙ ግን ካልተያዘ ችግር አለው። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ስለዚህ ወይ ለማገዶና ለመብራት ይውላል፣ ወይ ቢያንስ ይቃጠላል።

ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኙት የአዲስ አበባ ቤቶች ዝቃጭስ? እሱ በመጣጭ መኪና ወደ ቃሊቲና ወደ ኮተቤ ይጓዛል፤ እዚያ ተንጣሎ ይደርቃል። እውነቱን ለመናገር ለኮን የሚጠቅመው ትምህርት ከግዙፉ ጣቢያ ይልቅ ይሄኛው ነው።

ደጋው የራሱ ሕግ አለው

"ታዲያ ትንሽ ቃሊቲ ኮን ላይ ለምን አይሠራም?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሦስት ነገሮች ይከለክሉናል፣ ሦስቱም ከአየርና ከብርድ የመጡ ናቸው።

ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕሩ ዳር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የኮን ደጋ ከዚህም ከፍ ይላል። 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ንጹሕ ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ይይዛል፤ 2,500 ሜትር ላይ ግን ከ7 በታች ይወርዳል። ቀዝቃዛ ውኃ ኦክሲጅን መያዝ ስለሚችል ብርዱ ጥቂት ይክሳል፣ ሆኖም የአየር ማሽኑ ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ ተጨማሪ አየር መንፋት አለበት። በቆላ አገር ልክ የተሠራ ማሽን ገዝታችሁ ደጋ ላይ ብትተክሉት ያጥራችኋል።

እሺ፣ እንግዲያው እንደ ቃሊቲ አየር የማይፈልገውን እንምረጥ። እዚህ ላይ ብርዱ ይመጣል። ሚቴን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ወዳጆች ናቸው፤ 35 ዲግሪ አካባቢ ደስ ይላቸዋል። ሙቀት 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ሥራቸው በግምት በግማሽ ይዘገያል። ውርጭ በሚመታበት ደጋ ገንዳው እንደ ሞቃት አገሩ እንዲሠራ ከተፈለገ መጠኑ በጣም መተለቅ አለበት። ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ሚቴንን አሟሙቶ ይዞት ይወጣል፤ ጋዙን ሳንይዘው ያመልጠናል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው። መጣጭ መኪና እንዴት ነው የሚመጥጠው? በገለባ ለስላሳ ስትጠጡ አስቡ። እናንተ መጠጡን አልሳባችሁትም። አፋችሁ ውስጥ ያለውን አየር አሳሳችሁት፣ የውጭው አየር ደግሞ መጠጡን ተጭኖ ወደ ላይ ገፋው። መኪናውም ታንከሩን አየር አልባ ያደርገዋል፣ ዝቃጩን የሚያወጣው ግን ጉድጓዱ ላይ የተጫነው ሰማይ ነው። በባሕር ወለል ላይ ሰማዩ ውኃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ከፍ ሊያደርግ ይችላል። 2,500 ሜትር ላይ ግን 7.6 ሜትር ገደማ፤ ከዚያ በላይ ሞተሩ ምንም ቢያጓራ አንድ ጣት አይጨምርም። ይህ እንግዲህ ለንጹሕ ውኃና እንከን ለሌለው ማሽን ነው። ረጅም ቱቦ፣ ወፍራም ዝቃጭ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ ጨርቅና ፌስታል ሲጨመርበት እጅግ ያነሰ ይሆናል።

ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ቀጭኑ ይወጣል፣ ወፍራሙ ሥር ይቀራል። ሠራተኞቹ ምን ያደርጋሉ? ውኃ ጨምረው ያማስሉታል። አሁን ቅድም የሠራነውን ስሌት አስታውሱ፦ ከ4 ከመቶ ወደ 2 ከመቶ መለስነው፣ ጉዞውም እጥፍ ሆነ። ለዚህ ነው ኮን ውስጥ አዲስ ሽንት ቤት የሚሠራ ሰው ከልቤ የምመክረው፦ ጥልቀቱን ቀንሱ፣ ስፋቱን ጨምሩ፣ ፌስታል አትጣሉበት፣ መኪናው የሚቆምበት ቦታ ከጉድጓዱ ብዙ እንዳይርቅ ግቢያችሁን አስተካክሉ። የማጣሪያ ቅልጥፍና ከማጣሪያው አይጀምርም።

ኩበት የሚጋግሩ መሐንዲሶች

ደጋው የሚከለክለውን ያህል የሚሰጠውም አለ፤ ያውም ያገሬው ሰው ጠንቅቆ የሚያውቀውን። ትኩስ እበት ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ውኃ ነው። የወሎ ደጋ እናት ጭድ ትቀላቅልበታለች፣ በእጇ አሳስታ ትለጥፈዋለች፣ ለፀሐይና ለነፋስ ትተወዋለች፣ ትገለብጠዋለች። ከዚያ ኩበት ሆኖ ይከመራል። ጭዱ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይፈጥራል፤ ማሳሳቱ እርጥበቱ የሚወጣበትን መንገድ ያሳጥራል፤ መገልበጡ ሥሩን ወደ ነፋስ ያመጣል። ይህ ሁሉ በዝቃጭ አያያዝ መጽሐፍ ውስጥ በትልልቅ ቃላት የተጻፈ ነው።

የዝቃጭ ማድረቂያ መደብም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋ ይነጠፋል፣ ዝቃጩ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይፈስበታል። ሁለተኛው ዓይነት ውኃ በአሸዋው ይንጠባጠባል፤ እሱን ሰብስቦ ማጣራት እንጂ ወደ ቦይ መልቀቅ አይገባም። የቀረውን ፀሐይና ነፋስ ያነሡታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የደጋ በጋ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሌሊቱ ብርድ ቢሆንም ቀኑ ደረቅና ነፋሻ ነው። ችግሩ ዝናቡ ነው። ሰሜን ወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግም አለበትና የደረቀው እንደገና እንዳይርስ ጣሪያ ያስፈልጋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ በእንጨት ላይ ቢወጠር ዝናቡን ከልክሎ ሙቀቱን ያስቀራል፤ ጎንና ጎኑ ግን ለነፋስ ክፍት መሆን አለበት።

ዴንማርኮች ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴም አለ፦ መደቡ ላይ ሸምበቆ መሰል ሣር ይተክላሉ። ሥሩ ዝቃጩን እየሰነጠቀ ውኃ ያስወጣል፣ ቅጠሉ ውኃ ወደ አየር ያተናል፣ ዝቃጩ በላይ በላዩ እየተጨመረ እስከ 8 ወይም 10 ዓመት ሳይጠረግ ይቆያል። መብራት አይፈልግም። ዴንማርክ የብርድ አገር መሆኗ ለእኛ ደጋ ተስፋ ይሰጣል፤ ሰፊ ቦታ መፈለጉ ግን አይካድም።

ሲደርቅ አለቀ?

አላለቀም። ወስፋት የምታውቁት ሆድ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ግን አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ልጣጩ ጠንካራ ነው። ዝቃጭ ደርቆ ሽታው ስለጠፋ ብቻ ጎመን ላይ ብትበትኑት ወስፋቱን መልሳችሁ ወደ ገበታ አመጣችሁት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ቦታ ዐይነ ምድር ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ በሚሞቅ ቦታ ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይነካ ተከማችቶ እንዲቆይ ይመክራል። ኮን የመጀመሪያው ውስጥ ናት፤ ብርዱ እንቁላሉንም ያቆየዋል። መቸኮል የሚፈልግ ከጭድና ከገለባ ጋር ደባልቆ ኮምፖስት ሊያደርገው ይችላል፤ ክምሩ ከ50 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቆየት አለበት፣ ያውም መሐሉ ብቻ ሳይሆን በመገልበጥ ዳር ዳሩም ጭምር። ቴርሞ ሜትር ሳይዙ "ሞቋል" ማለት አይሠራም።

የፋብሪካ ፍሳሽ ከተቀላቀለ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የለዮሌን ወንዝ ያጠኑ ተመራማሪዎች ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለውን ክሮሚየም አግኝተውበታል። ብረት አይበሰብስም፤ ጊዜም ሙቀትም አይገድለውም፣ ከውኃው ሲወጣ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ኮን እንዲህ ያለ ፋብሪካ ስለሌላት ዝቃጯ ከዚህ አንጻር ንጹሕ ነው። የመኪና ጋራዥ ዘይትና የተጣለ ባትሪ ሽንት ቤት ካልገባ እንደ ንጹሕ ይቆያል።

ያ ንጹሕነት ዋጋ አለው፤ የወሎ ደጋ መሬት ተርቧልና። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ወደ ማሳው መመለስ የነበረበት ናይትሮጅን ጭስ ሆኖ ይሄዳል፣ የተረፈው አመድ ነው። ዝቃጭ ደግሞ ናይትሮጅንም ፎስፈረስም ይዞ ተቀምጧል። ይሁንና ገበሬውን "የሰው ኩስ ገብስህ ላይ በትን" ብሎ መጀመር አይሆንም፤ ቢጸየፍ አልፈርድበትም። እኔ የምጀምረው ከባሕር ዛፍ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን አካባቢ ከጉድጓድ ሽንት ቤት የወጣ ዝቃጭ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ተቀብሮ በላዩ ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። አጠና የሚበላ ሰው የለም። ቦታው ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ የራቀ፣ ከጎርፍ መንገድ የወጣ መሆን አለበት፤ ይሄ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

እስቲ ያችን የመጀመሪያዋን መኪና እንጨርሳት። 8,000 ሊትር ይዛ መጣች። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላይ ብትደፋው 40 ካሬ ሜትር መደብ ይበቃታል፤ ከአንድ መማሪያ ክፍል አይበልጥም። በጋው ጥሩ ከሆነ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አካፋ የሚያነሣው ቅርፊት ይሆናል። ጠጣሩ ያው 160 ኪሎ ነው፤ ከመቶ 40 እርጥበት ቢቀርበት ሁሉ በሁሉ 267 ኪሎ። ሦስት ኩንታል አይሞላም። በአህያ ጋሪ ጣሪያ ወዳለው መጋዘን ይሄድና በሩ ላይ የገባበት ቀን ይጻፍበታል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ ለችግኝ የተቆፈረው ጉድጓድ ሥር ይገባል።